የቦራ ትኩሳት

አፀደ ቁልፉን ስታዞረው የሙቀቱ መርፌ ብድግ ብሎ ቀዩ መስመር ላይ ተለጠፈ።

"ቱፋ! ና እስቲ ይኸን እይልኝ።"

ቱፋ የሞተር ማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ በብብቱ ሸጉጦ፣ እጆቹን በትንፋሹ እያሞቀ መጣና በካሚዮኗ በር በኩል አንገቱን አስገባ። ጢሙ የሸበተ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፤ የሟች ባሏ ረዳት ሆኖ ስንት ክረምት አሳልፏል።

"ብዬዎት ነበር እትዬ። ይኸው እንደ ልማዷ ጋለች።"

"ሞተሩን አስነሥተኸዋል?"

"ኧረ ገና ነኝ።"

"ታዲያ ምኗ ነው የጋለው?"

አፀደ ጥቁር ነጠላዋን ሰብስባ ከጋቢናው ወረደችና መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ ጫነች። የጥቅምት ውርጭ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድበት ያደረ ብረት ነው። ውርጩ ከጣቶቿ ሥር እየቀለጠ ወደ ክንዷ ወረደ። እስኪቆረጥማት ድረስ እጇን አላነሳችም።

"በል ንካው" አለችው። "ንካውና ትኩሳት አላት በለኝ።"

ካሚዮኗ ቦራ ትባላለች። የጣልያን ጊዜ ናት። አፍንጫዋ ላይ ቀለሟ ተልጦ ነጭ ስለሆነ ባሏ ወልደጻድቅ እንደ ግንባረ ነጭ ፈረስ ቦራ ብሎ ሰየማት፤ የአሰላ ሰውም ስሙን ተቀብሎ አጸደቀው። ወልደጻድቅ ይነዳል፣ ቱፋ ይጭናል፣ አፀደ ጋቢና ተቀምጣ በቆጂ ድረስ ትወጣና ገብስና ቅቤ ትገዛለች። ሦስቱም እንጀራቸውን የሚበሉት ከዚህች አሮጌ ብረት ነበር። አፀደ የሞተሯን ድምፅ እናት የልጇን ሳል እንደምትለየው ትለያለች።

መስከረም ላይ ወልደጻድቅ ከበቆጂ መንገድ በረዶ መትቶት መጣ፤ ከአልጋው ሳይነሣ በሳምባ ምች ሞተ። ከቀብር መልስ አንዱ ለቀስተኛ "ገፊ ናት" አለ። ፈረስ ባለቤቱ ሲሞት ገፊ ይባላል። በቅሎም እንደዚያው። ካሚዮን ምን ልዩ ያደርጋታል? ከዚያች ቀን በኋላ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቦራን እያየ ማማተብ ጀመረ። እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ አንዴ ከአፍ ከወጣ ማረፊያ አያጣም፤ ከካሚዮኗ ተነሥቶ ወደ ሚስቲቱ ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ወንዶቹ ቦራን፣ ሴቶቹ አፀደን በጎን ያዩ ጀመር።

የባሏ ታላቅ ወንድም ኃይለመስቀል ገፊ ንብረት ከቤት ይውጣ ብሎ ቆርጧል። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሙን ቀብሮ የሚቆጣው አጥቶ ነው። ቦራን ቆራርጦ ብረቷን የሚወስድ ገዢ ከናዝሬት አግኝቶ፣ ሽማግሌ ጠርቶ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ አፀደ ቁልፉን በሽማግሌ ፊት እንድታስረክብ ነግሯታል። እሷም ከማስረከቧ በፊት የቦራን ድምፅ አንዴ ልስማ ብላ ነው በማለዳ የተነሣችው።

አሁን ግን ድምፁን ረስታዋለች።

"ቱፋ፣ ያን ቀን የሆነውን ንገረኝ።"

"ነግሬዎት የለም እንዴ እትዬ?"

"ድገመው።"

ቱፋ ማኖቬላውን መሬት ላይ አቆመና ተደገፈው። "ከሳጉሬ በላይ፣ ኩርባው ጋ ስንደርስ መርፌው ቀይ ገባ። ጋሼ አቆሙ። የራዲያተሩን ክዳን በጆንያ ይዘው ከፈቱት።"

"እንፋሎት ወጣ?"

"አልወጣም። 'ውስጥ ውስጡን ነው የምትቃጠለው' አሉ። ከዚያ በቆርቆሮ ከወንዙ ውኃ ያመላልሱ ጀመር። በረዶው ይወርዳል። 'ጋሼ፣ እኔ ልሂድ' ብላቸው 'ቦራን የማውቃት እኔ ነኝ' ብለው እምቢ አሉኝ። ቆይተው ቁልፉን ያዞሩታል፤ ቀይ። እንደገና ይወርዳሉ። እንዲህ እንዳሉ ቀኑ መሸ።"

አፀደ ግንባሯን ከበረዶው ብረት ላይ አስደገፈች። ስለዚህ አልጋለችም ነበር። ባሏ በዚያ ሁሉ በረዶ ውኃ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የዋለው የበረደ ሞተር ሊያበርድ ነበር። ልቧ ተቃጠለ። ሳምንት ከሳምንት ስታለቅስ የኖረች ሴት ናት፤ ዛሬ ግን የመጣባት እንባ ሳይሆን ቁጣ ነው፤ ቁጣው ደግሞ ጉልበት ሰጣት።

"መርፌውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያደርገው ምንድን ነው? አሳየኝ።"

ቱፋ ክዳኑን ከፍቶ አሳያት። ከመርፌው ጀርባ አንድ ሽቦ ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ይመጣል፤ ጫፉም አውራ ጣት የምታክል ነሐስ ላይ ይታሰራል። ነሐሷ ሞተሩ ውስጥ ተጠምዝዛ ጫፏ ከውኃው ገብቷል።

"ቡልቦ ይሏታል። የውኃውን ሙቀት ሰምታ ለመርፌው የምትነግር እሷ ናት።"

"ወሬ አቀባይ በለኛ!" አለች አፀደ። "ሂድ ጋቢና ግባና መርፌውን ተመልከት።"

ሽቦውን በጣቷ ነቀለችው።

"ወረደ!" ቱፋ ከውስጥ ጮኸ። "እትዬ፣ መርፌው ወረደ!"

መልሳ አስነካችው። "ወጣ!" ነቀለችው። "ወረደ!" ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ወጣ ወረደ ተባባሉ። መርፌው ጤነኛ ነው፣ ሽቦው ጤነኛ ነው። ውሸታሟ ቡልቦዋ ናት።

"ሌላ ቡልቦ የት ይገኛል?"

"ኢተያ፣ ራቢያ ግቢ የቦራ እኩያ ወድቃለች። ጣልያን ጥሏት ነው የሄደው። አሁን ዶሮ ያድርባታል።" ቱፋ ጥቂት አመነታ። "ግን እትዬ፣ አርባው እኮ አልወጣም። ሐዘንተኛ ከደጅ ስትወጣ ሰው ምን ይላል?"

"ወልደጻድቅም አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር" አለች አፀደ። "አስነሣት።"

ቱፋ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል። ወልደጻድቅ መሪውን ለሰው ስለማይሰጥ ነው እንጂ ነጂ ነው። ቦራ ሁለቴ አስነጥሳ ተነሣች፤ ሽቦዋ ተነቅሎ፣ መርፌዋ ተኝቶ፣ የአሰላን አውራ መንገድ ይዛ ወረደች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ጥቁር የለበሰችውን አፀደን ጋቢና ውስጥ ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እሷ ደግሞ አንገቷን አላቀረቀረችም። ይልቁንም አንደኛዋን፣ ሰሞኑን ገፊ ስትላት የሰማቻትን፣ በስሟ ጠርታ "እንደምን አደርሽ?" አለቻት። ሴትዮዋ እግዚአብሔር ይመስገን ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

መንገድ ላይ ቱፋን ደጋግማ እያስቆመች ወርዳ ራዲያተሩን ዳሰሰችው። እጇን አሳርፋበት የምትቆይበት ዓይነት ሙቀት ነበረው። ኢተያ ሲደርሱ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ ሊያጭዱት የደረሰ።

ራቢያ ከመጋዘኗ ደጃፍ ላይ ቆማ እህል ታስመዝን ነበር። እህልና ማር ነጋዴ ናት፤ ከአፀደ ጋር ከገበያ ይተዋወቃሉ። ስታያት የያዘችውን ጥላ መጣች።

"አፀደ! ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እህቴ" ብላ አቀፈቻት። አምላክ ያበርታሽ ማለቷ ነው። "ለቅሶሽ ሳልመጣ እንዲህ አንቺ ትቅደሚኝ? ምነው፣ ከቤት አወጡሽ እንዴ?"

"ገና ሊያወጡኝ ነው። ከዚያች ከወደቀችው መኪናሽ አንድ ነገር ፈልጌ ነበር፤ እንደ አውራ ጣት ያለች።"

"ከዶሮ ቤቴ?" ራቢያ ሳቀች። "እንቁላሉን ተይልኝ እንጂ ሌላውን እንዳለ ውሰጂው።"

ሁለት የተቆጡ ዶሮዎች ከሞተሩ ላይ ተነሥተው ወጡ። ቱፋ ኩሳቸውን በገለባ ጠራረገና ቡልቦዋን በጋዝ አርሶ፣ በመፍቻ ይዞ፣ እያባበለ ፈታት። ከዚያ የቦራን አሮጌ ቡልቦ አወጣና አዲሷን ሊተካ ሲል ውኃው በቀዳዳው መፍሰስ ጀመረ።

"ቆይ" አለች አፀደ። "ያለ ውታፍ አይሆንም። ያፈሳል። ራቢያ፣ ሰም አለሽ?"

የማር ነጋዴ ቤት ሰም አይጠፋም። አፀደ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትል መዘዘችና በሰም አሽታ ቡልቦዋን ጥርሷ እስኪጠፋ ድረስ ጠመጠመቻት፤ የማር እንስራ ስትወትፍ እጇ የለመደው ሥራ ነው። ቱፋ አጠበቀው። ጠብ የሚል ነገር የለም።

"ዋጋው?" አለች አፀደ።

"ስትመለሺ ስንዴዬን አሰላ አድርሺልኝ። ባዶዋን ከምትሄድ።" ራቢያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለመሆኑ ገፊ የሚሏት እውነት ነው?"

"ስንዴሽን ጫኚባትና ዕወቂው።"

ጫነችባት። ከኢተያ አሰላ ድረስ፣ ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክማ፣ መርፌው ከቀዝቃዛው መስመር ንቅንቅ አላለም። ቱፋ በደስታ በኦሮምኛ እያንጎራጎረ ነዳ። አፀደም አሮጌዋን ቡልቦ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ፣ ጉዳዩ አለቀ ብላ ልቧን አሳረፈች።

ጉዳዩ ግን አላለቀም ነበር።

ግቢው ውስጥ ከጽዱ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። መሐላቸው የነፍስ አባቷ መምሬ ወልደ ሚካኤል መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ኃይለመስቀል ቦራ ስትገባ ብድግ አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

"አርባው ሳይወጣ? የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ አገር ለአገር ትዞሪያለሽ?"

"መድኃኒት ልገዛላት ሄጄ ነው ጋሼ።"

"ከንግዲህ አንቺ ዝም በይ። ሐዘንተኛ ሴት ሽማግሌ ፊት አትሟገትም። ስለ አንቺ የምናገር እኔ ነኝ።" ወንበሩን አንሥቶ በእሷና በሽማግሌዎቹ መካከል አኖረና ተቀመጠ። አፀደ የምታየው ጀርባውን ብቻ ሆነ። "አባቶቼ፣ ነገሩ አጭር ነው። ይህች ካሚዮን ትኩሳት አለባት፤ ወንድሜን በላች፤ ነገ ደግሞ የሚነዳትን ትበላለች። ሚስቱም ትሸጥልኝ ብላለች።"

"አላልኩም!" አለች አፀደ ከጀርባው።

መምሬ ወልደ ሚካኤል እጃቸውን አነሡ። "እስቲ ታገሥ ኃይለመስቀል። ልጄ፣ መድኃኒት ያልሽው ምንድን ነው?"

ስለ ቡልቦዋ ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "እንግዲህ በዓይን እንየው" አለና ቱፋ ሞተሩን አስነሣ። የጽዱ ጥላ ትንሽ ፈቀቅ እስኪል ድረስ ቦራ ቆማ አጉረመረመች። ኃይለመስቀል ሄዶ እጁን በራዲያተሩ ላይ አሳረፈና ወዲያው መንጭቆ አነሣ።

"ፈጀኝ! ይኸው እንደ እሳት! ቱፋ፣ መርፌው ምን ይላል?"

ቱፋ ከጋቢናው ሆኖ የመርፌውን መስታወት በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"መርፌው ምን ይላል እኮ ነው የምልህ?"

"ቀዝቃዛው ላይ ነው" አለ ቱፋ፤ ድምፁ በጭንቅ ነው የተሰማው።

ኃይለመስቀል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "አያችሁ? ጧት ካሚዮኗ በርዳ ሳለ ጋልኩ ስትል ነበር፤ ይኸ የአፀደ ቃል ነው። አሁን ደግሞ ግላ ሳለ በርጃለሁ ትላለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው። በፊት ውሸት ቢሆን እንኳ ያስጠነቅቀን የነበረውን መርፌ ገደለችው።" እጁን ዘረጋላት። "ቁልፉን አምጪ።"

አፀደ ወደ ቦራ ዞረች። እውነቱን ነው። የጋለ ሞተር ላይ የተኛ መርፌ፣ በበረደ ሞተር ላይ ከሚጮኽ መርፌ ይብሳል። ከኢተያ ድረስ ሲደሰቱበት የመጡት የሬሳ ዝምታ ነበር ማለት ነው። ዓይኗ ከጋቢናው ቁልፍ ላይ አረፈ። ነቅላ ካስረከበችው ቦራ ነገ ትቆራረጣለች፤ እሷም እስከ ዕለተ ሞቷ በዚህ ከተማ ገፊ ሆና ትኖራለች።

ፊቷ የቆመውን የኃይለመስቀልን ሰፊ ደረት አየችው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዳቸውንም አያሳያትም። አንድ ክረምት የቦራ አንደኛው መብራት አልበራ ብሎ ወልደጻድቅ ቀኑን ሙሉ ሲታገለው የዋለው ትዝ አላት። መጨረሻ ላይ በቢላዋ ከመብራቱ እግር ሥር ቀለሙን ሲፍቀው ቦግ አለ። እየሳቀ ያላት ነገር ነበር፤ "ብረት ብረትን ካልነካ አይሆንም አፀደ። ኤሌክትሪክ አማላጅ አይወድም።"

ፈትሏ። ሰሟ። በነሐሷና በሞተሩ መሐል ያስቀመጠችው አማላጅ።

"ጋሼ ኃይለመስቀል" አለች።

"ምን?"

"ገለል ይበሉልኝ።"

እንዲህ ተብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ገና አፉን ሳይከፍት በጎኑ አልፋ መምሬ ፊት ቆማለች። ራሷ የተላጨ፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነው። "መምሬ፣ ስሕተቱ የኔ ነው። እንደ ማር እንስራ በሰም ወተፍኳት። አስተካክላታለሁ። ሞተሩ እስኪበርድ ግን አንድ ነገር በእጅዎ ይያዙልኝ።"

ሞተሩን አስጠፋች። ሽቦውን ከአዲሷ ቡልቦ ፈትታ ከመቀነቷ ባወጣቻት በአሮጌዋ ላይ አሰረችና መምሬ ወልደ ሚካኤል መዳፍ ላይ አስቀመጠቻት።

"ትሞቃለች?"

"ኧረ ቀዝቃዛ ናት ልጄ።"

"ወደዚህ ብረት ያስጠጓት። ያስነኳት።" ከዚያ ወደ ጋቢናው ጮኸች። "ቱፋ፣ ቁልፉን አዙርና መርፌውን ንገራቸው።"

"ቀይ ነው!" አለ ቱፋ። አሁን ድምፁ ግቢውን ሞላው።

መምሬ ቡልቦዋን ከብረቱ አነሡ። "ወረደ!" መልሰው አስነኩ። "ቀይ!" ከሽማግሌዎቹ አንዱ አላመነም፤ ተነሥቶ ሄዶ በዓይኑ አየና አማተበ። መምሬ እጃቸውን ከፍተው በመዳፋቸው መሐል ያለችውን ትንሽ ነሐስ ሲያዩ ቆዩ።

"የወልደጻድቅ ገፊ ይቻት" አለች አፀደ። "እኔም አይደለሁ፣ ቦራም አይደለች። ውኃ ሲያመላልስላት የዋለው ላልጋለ ሞተር ነው። በዚያ በረዶ ዝም ብሎ ነድቶ ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ነበር።"

ኃይለመስቀል መጥቶ ቡልቦዋን ከመምሬ እጅ ተቀበለ። አገላበጣት። ሊወረውራት ያሰበ ይመስል ክንዱን አነሣ፤ ከዚያ ኪሱ ከተታት።

አፀደ ሞተሩ ደህና አድርጎ እስኪበርድ አልጠበቀችም። ክዳኑን ከፍታ እንፋሎቱን አስወጣችና ሰም የለበሰችውን ቡልቦ በመፍቻ ፈታቻት። ትኩሱ ውኃ ሲፈናጠር ቀዳዳውን በነጠላዋ ጠቅጥቃ በአውራ ጣቷ ያዘችው። እጇን አቃጠላት፤ አልለቀቀችውም። ቱፋ ሰሙንና ፈትሉን በቢላዋ ልጦ የቡልቦዋን ጥርስ አጸዳና ራቁቷን መለሳት። በመፍቻው አፀደ ራሷ አጠበቀቻት። ሁለት ሦስት ጠብታ ወጣና ደረቀ።

ሞተሩ እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ መምሬ ወልደ ሚካኤል ራሳቸው ጋቢና ገብተው መርፌው ፊት ተቀመጡ። መርፌው ጉልበቱ እንደደከመ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ትንሽ ሄደ፤ አረፈ፤ ደግሞ ሄደ። መሐል ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ መምሬ።

ኃይለመስቀል ግን እጁን አልሰጠም። "ቆማ ስትሞቅ ነው ያየነው። ዳገት ትውጣ። ያንን ኩርባ ትለፍ፤ ከዚያ አምናለሁ።"

"እኔም ይኸንኑ ልል ነበር" አለች አፀደ። "ይነሡ።"

የራቢያን ስንዴ እንኳ አላራገፉም። ቱፋ መሪውን ያዘ። መምሬ እንደተቀመጡ ቀሩ። ኃይለመስቀል እንደ ወትሮው፣ ወንድሙ በሕይወት ሳለ እንደሚያደርገው፣ የጋቢናውን በር ሊይዝ ሲመጣ አፀደ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳርፋለች።

"ሐዘንተኛ ጋቢና አይቀመጥም" አላት። "ወግ አለን።"

"ከላይ ሰፊ ቦታ አለ ጋሼ።" ከወንበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የባሏን ካፖርት አወረደችና ሰጠችው። "ነፋስ እንዳይመታዎ ይኸን ይደርቡ።"

ኃይለመስቀል ካፖርቱን ይዞ ቆመ። አንገትጌው አሁንም ወንድሙን ወንድሙን ይሸታል። ከዚያ ደረበውና ጆንያዎቹ ላይ ወጣ።

ሳጉሬን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። የገብሱ ማሳ ላይ ጉም መውረድ ጀምሯል። ቦራ ታቃስታለች፣ ማርሽ ይቀነስላታል፣ ትወጣለች። አፀደ የተቃጠለ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከመርፌው አልነቀለችም። ከመሐል ትንሽ ከፍ አለና እዚያው ጸና።

ኩርባው ታየ። ከሥሩ ወንዙ፣ ወደ ወንዙም ወልደጻድቅ በቆርቆሮ ውኃ ያመላለሰበት ቀጭን መንገድ። ልክ እዚያ ሲደርሱ ከላይ የጋቢናው ጣሪያ ተደበደበ፤ ኃይለመስቀል ነው።

"አቁሙ!" ድምፁ በነፋሱ መሐል እየተቆራረጠ መጣ። "ወንድሜ የተመታበት ቦታ ነው! ወርደን እናልቅስ!"

ቱፋ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣና አፀደን አያት። ቦራ ቀስ አለች።

"ወግ ነው ልጄ" አሉ መምሬ ወልደ ሚካኤል በለሆሳስ። "በቦታው ላይ ማልቀስ ወግ ነው።"

አፀደ ወደ ወንዙ ተመለከተች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ከዚያ መርፌውን አየችው። መሐል ላይ ተቀምጧል።

"እዚህ አንዴ ቆመናል መምሬ" አለች። "በከንቱ ቆመናል። ቱፋ፣ ንዳ።"

ጣሪያው እንደገና ተደበደበ። ቱፋ ማርሽ ለወጠና ኩርባውን አልፎ ዳገቱን ቀጠለ።